ፍሌክሲብል ሌሊት ሲፈነዳ መጀመሪያ የቱ ይዘጋል?

ጥያቄው፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ጣራ ላይ 1000 ሊትር ሮቶ አለን። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 8 ሰአት ላይ የሽንት ቤቱ ፍሌክሲብል ፈንድቶ ቤቱ በውሃ ተሞላ፣ ሮጬ ታች ወርጄ ቆጣሪውን ዘጋሁት ግን ውሃው አልቆመም፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችው ቫልቭም ዝም ብላ ትዞራለች እንጂ አትዘጋም። ከስራችን ያሉት እማማ ጣሪያቸው በሙሉ ረጠበ። ጠዋት የመጣው ቧንቧ ሰራተኛ ደግሞ የቤቱ መስመር በሙሉ ካልተቀየረ ነገ ሌላ ቦታ ይፈነዳል አለኝ። እውነቱን ነው? መጀመሪያስ ምን ማድረግ ነበረብኝ? የኪችን ሲንካችንም ሰሞኑን ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

መልስ፦

እህቴ አይዞሽ፣ እንኳን ሰው አልተጎዳ። ልብሽ እንዲያርፍ መስመሩን ላስቀድም፣ አንድ ፍሌክሲብል ስለፈነዳ የቤት መስመር በሙሉ አይቀየርም። ፍሌክሲብል ማለት ከግድግዳው ቫልቭ ወደ ሽንት ቤቱ ታንከር የምትሄደው ክንድ የማታክል ቱቦ ናት፣ ከግድግዳው ውስጥ ካለው ቧንቧ ጋር የሚያገናኛት አንድ ብሎን ብቻ ነው። መስመር የሚቀየርበት ጊዜ አለ፣ እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ፣ ያንቺ ግን በነገርሽኝ ልክ እዛ አልደረሰም።

አሁን ዋናው ነገር። ቆጣሪውን ዘግተሽ ውሃው ያልቆመው ቆጣሪው ተበላሽቶ አይደለም፣ የመንግስቱን ውሃ በደንብ ዘግተሽዋል፣ ሮቶውን ግን አልዘጋሽውም። ሮቶ ያለው ቤት ሁለት ምንጭ ነው ያለው፣ ይሄን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ውሃው ከቆጣሪ ተነስቶ ጣራ ይወጣል፣ በፍሎተር፣ ሮቶው ሲሞላ ራሱ በሚዘጋው ተንሳፋፊ፣ ሮቶው ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ከሮቶው ስር በሌላ ቧንቧ ተመልሶ ወደ ሻወርና ኪችን ይወርዳል። ስለዚህ አንቺ ታች ቆጣሪ ጋር ቆመሽ ስትታገዪ ጣራ ላይ ያለው 1000 ሊትር ቁልቁል እየወረደብሽ ነበር። ሂሳቡን ብትሰሪው የፈነዳ ፍሌክሲብል ባለ 10 ሊትር ባልዲ በደቂቃ ቢሞላ 1000ው ሊትር እስኪያልቅ 1 ሰአት ከ40 ደቂቃ ነው፣ እማማ ጣሪያ ላይ የታየው እሱ ነው።

እንዲህ አይነቱ ነገር ሲመጣ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። መብራት ይቀድማል። ውሃው ወለል ላይ ካለ ሶኬት፣ ኤክስቴንሽን፣ ምጣድ፣ ምናምን ካለበት ከደረሰ ብሬከሩን አውርጂ፣ ግን ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ካለብሽ ወይም ሳጥኑ ራሱ ከረጠበ አትንኪው፣ እናትሽን ይዘሽ ውጪና 905 ደውይ፣ ሰው አደጋ ላይ ከሆነ ደግሞ 939። ፓምፕ ካላችሁ ፓምፑ ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል፣ አለበለዚያ ግን ለብቻው አጥፊው፣ ምክንያቱም አውቶማቲክ ፓምፕ ቧንቧ የተከፈተ ነው የሚመስለው፣ ሮቶው ባዶ እስኪሆን ይገፋል፣ ከዛ በኋላም ደረቁን እየዞረ ሲሉን፣ ውሃ እንዳያልፍ የሚይዘውን ጎማ፣ ያቃጥላል።

ቀጥሎ ሰዎች የማያውቋት አንድ ነገር፣ ቫልቭ ፍለጋ ከመሮጥሽ በፊት ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ እስከ መጨረሻ ክፈቺያቸው፣ የኪችኑንም የእጅ መታጠቢያውንም ሻወሩንም። ሰው ሲሰማ "ውሃ እየፈሰሰ እንዴት ቧንቧ ልክፈት" ይላል፣ ግን ውሃው መውጫ ሲበዛለት በፈነዳው በኩል የሚወጣው ይቀንሳል፣ ወለል ላይ ሊፈስ የነበረውም በሲንኩ ወደ ፍሳሽ ይሄድልሻል። ፍሌክሲብሉ ደግሞ ከጫፉ ተበጥሶ እየተወራጨ ከሆነ ያዢውና ጫፉን ሽንት ቤቱ ሳህን ውስጥ ክተቺው። በቃ። የፈለገውን ያህል ቢፈስ ሳህኑ ራሱ ያወርደዋል፣ ወለልሽ ይተርፋል፣ አንቺም ትንፋሽ ታገኛለሽ። መሀሉ ላይ ከሆነ የተቀደደው ፎጣ ጠምጥሚበትና የፎጣውን ጫፍ ሳህኑ ውስጥ አስገቢው፣ ውሃው ፎጣውን ተከትሎ ይወርዳል። ይሄን ያስተማረኝ የመጀመሪያ አለቃዬ ነው፣ እሱ ምንም መሳሪያ ሳይዝ በፎጣ ብቻ ቤት ሲያድን አይቻለሁ።

ከዛ ነው እንግዲህ ወደ ቫልቭ የምትሮጪው፣ ሮቶ ላይ ካለው ጀምሪ፣ ቀጥሎ ቆጣሪው። ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ላይ አንዱ ታች። ደግሞ የታች ቤት አንኳኪ፣ ሌሊት ነው ብለሽ አትፈሪ፣ እማማ መብራታቸው በኩል ውሃ እየተንጠባጠበ አምፖል ቢያበሩ ነገሩ ከቀለም መበላሸት ያልፋል።

ስለ ትንሿ ቫልቭ፣ ማለትም ሽንት ቤቱ አጠገብ ስላለችው አንግል ቫልቭ። "ትዞራለች እንጂ አትዘጋም" ያልሽው ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው እጀታዋ ውስጡ ተበልቶ ብቻዋን እየዞረች ነው፣ ይሄ ቀላል ነው፣ እጀታዋ ላይ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ፈትተሽ እጀታዋን አውጪና ውስጥ ያለውን ዘንግ በፒንሳ ቀስ አርገሽ አዙሪው ይዘጋል። ሁለተኛው ውስጧ ያለው ጎማ አልቋል ወይም ደለል ተቀምጦበታል፣ ይሄኛው መቀየር ነው ያለበት። የማትዞር ቫልቭ ካጋጠመሽ ግን በጉልበት አትግጠሚያት። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ በፊት አንድ የድሮ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ፣ ስራ ከጀመርኩ 2 አመት ቢሆነኝ ነው፣ ጉልበት ያለኝ የሚመስለኝ ጊዜ፣ የጠብታ ቧንቧ ልቀይር ዋናውን ቫልቭ በእንግሊዝ ቁልፍ ይዤ ግጥም ሳደርገው አንገቱ እጄ ላይ ቀረ። ጠብታ የነበረው ጎርፍ ሆነ። የቤቱ አባወራ ምንም ሳይናገሩ ጃንጥላቸውን ይዘው መጥተው ራሴ ላይ ዘረጉልኝ፣ እስካሁን ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ። ከዛን ቀን ጀምሮ ያልተነካ የድሮ ቫልቭ ሳገኝ ትንሽ ወደ መዝጋት፣ ትንሽ ወደ መክፈት፣ እያልኩ አመላልሰዋለሁ፣ ዝገቱ እየተፈጨ ይሄዳል፣ እምቢ ካለ ትቼው ከቆጣሪ እዘጋለሁ።

ቫልቭ የሚሞተው ስለማይነካ ነው። በወር አንዴ፣ ደመወዝ የወጣ ቀን ይሁንልሽ፣ ሁሉንም ቫልቭ ዘግተሽ ክፈቺ፣ 5 ደቂቃ አይፈጅም። ያ ክብ እጀታ ያለው ብዙ ጊዜ የሚዞረው ጌት ቫልቭ ነው፣ እሱን እስከ መጨረሻ ከከፈትሽ በኋላ ሩብ ዙር መልሺው፣ ጫፉ ላይ ተነክሶ አይቀርም። ባለ ረጅም እጀታው፣ ሩብ ዙር ብቻ የሚዞረው ቦል ቫልቭ ነው፣ እጀታው በቧንቧው አቅጣጫ ከሆነ ክፍት፣ ቧንቧውን ካቋረጠ ዝግ፣ ጨለማ ውስጥ እንኳን በእጅሽ ዳብሰሽ ታውቂዋለሽ። አሁን አንቺ ቤት አንድ ነገር ብቻ አሰሪ ብትይኝ የምመርጠው ይሄን ነው፣ መስመሩ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ፣ የሮቶውና የቀጥታው ውሃ ከተገናኙ በኋላ፣ እጅሽ የሚደርስበት ቁመት ላይ አንድ ቦል ቫልቭ። ከዛ በኋላ ሌሊት ጣራ መውጣት የለም፣ ቆጣሪ መሮጥ የለም፣ እናትሽም ብቻቸውን ቢሆኑ በአንድ እጃቸው ይዘጉታል። እንደተገጠመ እናትሽን ወስደሽ አሳዪያቸው፣ አንዴ ራሳቸው ይዝጉት ይክፈቱት።

እዛው እያለሽ ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ፣ እንዳለ አስጠይቂ። የሮቶውና የመንግስቱ መስመር በቀጥታ የተገናኙበት ቤት ብዙ ነው፣ ቼክ ቫልቭ ከሌለ ውሃ ሲጠፋና መስመሩ ባዶ ሲሆን የሮቶሽ ውሃ ተመልሶ በቆጣሪ በኩል ወደ ውጪ ይሄዳል፣ አንቺ "ሮቶው ቶሎ አለቀ" ትያለሽ፣ ጎረቤት ደግሞ ውሃ መጣ ብሎ ይቀዳል።

ለምን ከሌሊቱ 8 ሰአት ፈነዳ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? የኛ ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ሌሊት ሰው ስለማይጠቀም የመስመሩ ግፊት ከቀኑ በጣም ይበልጣል። በዛ ላይ ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ በአንድ መስመር ላይ 10 ሜትር ቁልቁል በወረድሽ ቁጥር 1 ባር ግፊት ይጨምራል፣ ፒያሳ ላይ ቀጭን የምትንጠባጠበዋ ውሃ ታች ልደታ ስትደርስ ቧንቧ ታስጮሃለች። መስመሩ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ሲሞላ ደግሞ ከፊት አየር እየገፋ ነው የሚመጣው፣ ያ ግግግግ የሚለው ድምፅ እሱ ነው፣ የመንግስቱ መስመር ከሮቶው ጋር በቀጥታ በተገናኘበት ቤት ያረጀ ፍሌክሲብል የሚያልቀው እንዲህ አይነት ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከምጠራባቸው ሌሊቶች አብዛኛው ውሃ የጠፋበት ሳይሆን ውሃ የመጣበት ሌሊት ነው።

እዚህ ላይ ያንቺ ባይሆንም ከፈነዳ ፍሌክሲብል በላይ ቤት የሚያጠፋውን ልንገርሽ፣ ክፍት ተረስቶ የቀረ ቧንቧ። ውሃ ጠፍቷል፣ መጥቶ እንደሆን ብለሽ ከፍተሽ ታያለሽ፣ የለም፣ ሳትዘጊው ስራ ትሄጃለሽ፣ ሲንኩ ውስጥ ደግሞ ያልታጠበ ሳህን መውረጃውን ደፍኖታል። ቀን 6 ሰአት ላይ ውሃው ይመጣል። ካዛንቺስ አንድ ቤት 2 ቀን ሙሉ እንዲህ ፈሶ ሰዎቹ ከክፍለሀገር ሲመለሱ የሳሎኑ ምንጣፍ ተንሳፎ ነበር። መፍትሄው ተራ ነገር ነው፣ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ አትሞክሪ፣ መምጣቱን ማወቅ ከፈለግሽ ውጪ ባለው ወይም ሻወር ባልዲ በተደቀነበት አንድ ቧንቧ ብቻ እዪ። ከአንድ ቀን በላይ ቤቱን ስትለቂው ዋናውን ዝጊው።

ውሃ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚከፈተው የሻወሩ ዝቅ ያለው ቧንቧ ነው፣ ቀስ ተብሎ፣ በቀዝቃዛው በኩል። ቡናማው ውሃና አየሩ በዛ ይውጣ። በኪችኑ ወይም በልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ከጀመርሽ አሸዋው ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ በሙቁ በኩል ከከፈትሽ ደግሞ ጭቃውን ቦይለር ውስጥ ነው የምታስቀምጪው።

ወደ ፍሌክሲብሉ። አዲስ ስትገዢ መርካቶ ሁለቱም ከውጪ ብረት የለበሱ አንድ አይነት የሚመስሉ ታገኛለሽ፣ አንዱ ግን በእጅሽ ስትይዢው ላባ ነው። ቀላሉን ተይው። ብሎኗን እያት፣ ነሀስ ናት ወይስ ፕላስቲክ ወይስ ቀለም የተቀባ ስስ ቆርቆሮ፣ ጫፉ ላይ ያለችዋን ጎማም ጫን አርገሽ እያት፣ ለስላሳ መሆን አለባት። ርዝመቱ ሳይጎትት ሳይታጠፍ የሚደርስ ይሁን፣ የተሳበ ፍሌክሲብል በአንገቱ በኩል ነው የሚበጠሰው። ሲታሰር በእጅ እስኪገጥም፣ ከዛ በቁልፍ ግማሽ ዙር፣ አለቀ። "እንዳያንጠባጥብ" ብሎ በሙሉ ጉልበት የሚያጠብቅ ሰራተኛ ካየሽ አስቁሚው፣ ጎማዋን ቆርጧት ነው የሚሄደው፣ አሁን አያንጠባጥብም፣ ከ3 ወር በኋላ ግን እኔን ትጠሪኛለሽ። ቴፍሎን የሚጠመጠመው ግድግዳ ውስጥ በሚገባው የቫልቩ ጥርስ ላይ ነው፣ ፍሌክሲብሉ ላይ ምንም ስራ የለውም፣ እሱ ውሃ የሚይዘው በጎማዋ ነው።

ፍሌክሲብልን ቶሎ የሚገድለው ደግሞ በረኪና ነው። ሲንክ ስር በረኪናና አሲድ የምታስቀምጡ፣ ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ በረኪና ትነቱ ብቻ ያንን የብረት ሽቦ ይበላዋል፣ ሽቦው አንድ ቦታ ሲበጠስ ውስጡ ያለው ጎማ እንደ ፊኛ ይወጠርና በሚቀጥለው የውሃ መምጫ ሌሊት ፓ። በዓይንሽ ታይዋለሽ፣ ዝገት ነጠብጣብ ወይም የተነሳ ሽቦ ካየሽ እስኪፈነዳ አትጠብቂ። ምንም ባይታይበትም እኔ በ5 አመቱ ነው የምቀይረው። ሲንክ ስር ያለውን፣ የእጅ መታጠቢያውን፣ የቦይለሩን ሁለቱንም፣ በአንድ ቀን አስቀይሪያቸው፣ ከአንዱ ጋር አብረው ነው የተገዙት።

ቦይለር ካነሳሁ አይቀር፣ ከስሩ ባለችው ትንሽ ሴፍቲ ቫልቭ በኩል ሲሞቅ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ አለ፣ ሰው ተበላሸ ብሎ ይጠራኛል። አልተበላሸም። ውሃ ሲሞቅ ይጨምራል፣ ባለ 80 ሊትሩ ቦይለር ከቀዝቃዛ ተነስቶ 65 ዲግሪ ሲደርስ 1 ሊትር ተኩል ገደማ የሚሆን ትርፍ ውሃ መሄጃ ይፈልጋል፣ ያ ጠብታ እሱ ነው። ሰፈር ውስጥ ያንን ቀዳዳ በእንጨት፣ በማስቲካ፣ አንድ ቤት ደግሞ በብሎን ደፍነውት አይቻለሁ፣ እሱ ቦይለር ሳይሆን የተቀበረ ቦምብ ነው፣ ከሻወር ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተሰቀለ። ጠብታው ካናደደሽ ቀጭን ቱቦ አስገቢለትና ወደ ፍሳሹ አውርጂው፣ የቱቦው ጫፍ ግን ሁሌም ክፍት ይሁን። ሳይሞቅም ሌት ተቀን የሚፈስ ከሆነ ነው ችግር፣ ወይ ቫልቯ ቆሽሻለች ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል። ውሃ ጠፍቶ ሲቆይ ደግሞ ቦይለሩን ከመብራት አጥፊው፣ ውሃ ሲመጣም ሙቁን ቧንቧ ከፍተሽ ሳይቆራረጥ መፍሰሱን ሳታዪ አታብሪው፣ ባዶውን የበራ ቦይለር ሬዚስታንሱ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ወዲያው ይቃጠላል።

እሺ ኪችን። "ቀስ እያለ ይወርዳል" ማለት አልተደፈነም፣ እየጠበበ ነው፣ በጊዜ ነው የጠየቅሽው። የኛ ኪችን የሚደፈነው በቅቤ ነው። ቅቤ ወጡ ውስጥ እያለ ውሃ ነው፣ ሲንክ ውስጥ ስታፈሽው ሞቅ ብሎ ይወርዳል፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፣ ቧንቧው ውስጥ ሲደርስ ይረጋና ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፣ በላዩ የሽሮ ዝቃጭ፣ በላዩ የቡና አተላ፣ በላዩ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ በቃ እንደ ሲሚንቶ ነው። ከፋሲካ ማግስት ስልኬ አያርፍም፣ ሁሉም ቤት ዶሮ ተሰርቷል፣ ድስቱ ሲንክ ውስጥ ታጥቧል። ድስቱን መጀመሪያ በሶፍት ወይም በጋዜጣ ጥረጊና ቆሻሻ ውስጥ ጣይው፣ የቡና አተላውን አበባ ስር ድፊው፣ ከመውረጃው ላይ ወንፊት አድርጊ፣ ግማሹ ችግርሽ እዚህ ያልቃል።

አሁን ላለው ሲንክ ስር ያለውን ሲፎን ፍቺው፣ ያ እንደ ጠርሙስ ያለውን። ከስሩ ባልዲ ደቅኚ፣ በእጅ ነው የሚፈታው፣ ስትፈቺው የሚወጣው ሽታ ደስ አይልም፣ ታጋሽ ሁኚ። ባልዲ የደቀንሽበትን ውሃ ደግሞ መልሰሽ እዛው ሲንክ ውስጥ እንዳታፈሺው፣ ሲፎኑ እጅሽ ላይ እኮ ነው፣ እኔ ራሴ ከአንዴም ሁለቴ አድርጌዋለሁ እግሬ ላይ። ውስጡን በሙቅ ውሃና በሳሙና ጠርገሽ ጎማዋን ሳትጥይ መልሺው። ሲፎኑ ንፁህ ሆኖ አሁንም ቀስ ካለ የጠበበው ግድግዳው ውስጥ ነው፣ ያኔ ረጅሙን የሽቦ ስፕሪንግ የያዘ ሰው ጥሪ። አሲድ የሚባለውን ነገር አታፍሺ። በተለይ በረኪና አፍሰሽ አልሰራም ብለሽ በላዩ አሲድ እንዳትጨምሪ፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ በጠባብ ኪችን ውስጥ ሰው ይጥላል። አሲድ አፍሰሽ ያልተከፈተ ቧንቧ ለኔም አደጋ ነው፣ ቢያንስ አፍስሻለሁ ብለሽ ንገሪኝ፣ ስንቱ ደብቆኝ እጄን ተቃጥያለሁ።

ሽንት ቤት ሲደፈን ነገሩ ሌላ ነው። ዱላ ያላትን ጎማ ስትጠቀሚ ጎማዋ ውሃ ውስጥ መጥለቅ አለባት፣ ስራውን የሚሰራው ደግሞ መግፋቱ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ መሳቡም ነው። ነገር ግን ከላይ ያሉት ሲያፈሱ አንቺ ቤት ወይም መሬት ያሉት ቤት የሚገነፍል ከሆነ የተደፈነው የጋራው መስመር ነው፣ ያኔ ቤትሽ ውስጥ ብትታገዪ ጥቅም የለውም። በዛ መስመር ያሉትን ሁሉ ውሃ አታፍስሱ በሉና ማንሆሉን ከፍታችሁ እዩ፣ ማንሆሉ ሞልቶ ከሆነ መዘጋቱ ከሱ ወዲያ ነው፣ ደረቅ ከሆነ ከሱ ወዲህ ህንፃው ውስጥ ነው፣ ይሄን አይታችሁ ከደወላችሁ የሚመጣው ሰው ግማሽ ቀን ይተርፈዋል። ክረምት ላይ ደግሞ የጣራ አሸንዳ ውሃ ፍሳሽ ማንሆል ውስጥ የለቀቁ ግቢዎች አሉ፣ የሀምሌ ዝናብ ሲወርድ ማንሆሉ አይችለውም፣ ቆሻሻው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እሱን በስብሰባ ተነጋግራችሁ አስለያዩ። ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ያላችሁ ሰፈሮች ደግሞ ማንም ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ። ጋዙ ሽታ እንኳን ሳታውቂው ነው የሚጥለው፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይቀራል።

መስመር መቼ ይቀየራል ላልሽው፣ ፒያሳና አራት ኪሎ ሳይፈርሱ የቀሩት የድሮ ቤቶች በብዛት የብረት ቧንቧ ነው ያላቸው፣ እሱ ከውስጥ እየዛገ ይጠብባል፣ ቆርጬ ሳየው እርሳስ የማያሳልፍ የሆነበት ጊዜ አለ። ውሃ ሳይጠፋም በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማ ከሆነ፣ የቤቱ ቧንቧ ሁሉ አንድ ላይ ቀጥኖ ከሆነ፣ በአመት ውስጥ ግድግዳ ውስጥ ሁለት ሶስት ቦታ ካፈሰሰ፣ ያኔ ሰራተኛሽ ልክ ነው። ያንቺ ኮንዶሚኒየም መስመር ግን ፒፒአር፣ ማለትም በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ከሆነ አይዝግም፣ የሚያፈስ ከሆነ ብዙ ጊዜ መገጣጠሚያው ላይ ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የበያጁ ጥፋት ነው፣ ማሽኑ 260 ዲግሪ ሆኖ 20 ሚሊ ቧንቧ 5 ሰከንድ ነው የሚሞቀው፣ 25ቱ 7 ሰከንድ፣ ሰውየው ስልክ እያወራ 15 ሰከንድ ካሞቀው ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ከበየደው ደግሞ አይያያዝም።

ራስሽ ደግሞ ማረጋገጥ ትችያለሽ። ውሃ ባለበት ቀን ቤት ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጊ፣ ሮቶው ሞልቶ ፍሎተሩ መዝጋቱን እዪ፣ ከዛ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ኮከብ መሳይ ነገር 10 ደቂቃ ተመልከቻት። ከቆመች እስከ ሮቶው ያለው መስመርሽ ደህና ነው። ከሮቶው በታች ላለው ደግሞ ማታ ቆጣሪውን ዘግተሽ የሮቶውን ውሃ ከፍታ ምልክት አርጊ፣ ጠዋት ማንም ሳይጠቀም እዪው። ከቀነሰ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽንት ቤቱን ነው፣ ታንከሩ ውስጥ ጠቆር ያለ ሻይ ጨምሪና ታንከሩን ሳትለቂው ግማሽ ሰአት ቆዪ፣ ሳህኑ ውስጥ ቀለም ከመጣ የታንከሩ ጎማ ነው የሚያሳልፈው፣ ግድግዳ ማፍረስ የለም። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው፣ መንገድ ላይ የሚፈሰው፣ የውሃና ፍሳሽ ስራ ነው፣ 906 ነው የሚደወለው፣ እሱን በግል ሰራተኛ እንዳታስነኪ።

እማማን በተመለከተ፣ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ ቡና ይዘሽ ሂጂ፣ ግን ቶሎ ቀለም ላስቀባልዎት ብለሽ ቃል እንዳትገቢ። ሶሌታ፣ ማለትም በሁለቱ ፎቅ መሀል ያለው ኮንክሪት፣ የጠጣው ውሃ በሳምንት አይወጣም፣ ከላይ የደረቀ ይመስልና ቀለም ሲቀባበት ውስጡ ያለው እርጥበት መልሶ ይልጠዋል። መስኮቱን ቀን ቀን ይክፈቱት፣ መብራቱን ኤሌክትሪሽያን ሳያየው እንዳያበሩት። ከወር በኋላ አንድ ፌስታል ቅደጂና የረጠበው ቦታ ላይ ዙሪያውን በስኮች ለጥፊው፣ በማግስቱ ከውስጥ በኩል ላብ መሳይ ጠብታ ካለው ገና ነው፣ ሌላ 2 ሳምንት ጠብቃችሁ ድገሙት፣ ደረቅ ሆኖ ካደረ ቀለም ቀቢውን ጥሪ።